ቆንጅት ያጠባቻቸው ባልና ሚስት

ቆንጅት ደግ ሴት ናት፤ አፏን መያዝ ግን አልታደለችም። ይህን ዲላ ገበያው ጀርባ ያለው ሰፈር ሁሉ ይመሰክራል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚመሰክረው ደግሞ ባሏ ተሻለ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በእግሯ መኪናውን ትመታለች፣ በእጇ ጨርቁን ትገፋለች፣ በአፏ አላፊ አግዳሚውን ታነጋግራለች። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ፍጥነት ቀንሰው «እንዴት አደርሽ እትዬ» ካላሏት፣ ማታ ሲመለሱ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት።

ተሻለ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። «ከዲላ እስከ ሞያሌ ያለውን ወሬ እሷ ትነግረኛለች፣ ከተሞቹን ብቻ ነው እኔ የማሳያት» ይላል።

በወጣትነቷ ደግሞ ወተቷ የማይነጥፍ ሴት ነበረች። ሁለተኛ ልጇን ትጊን በወለደች ሰሞን ጎረቤቷ መኪያም ኑሰይባን ወለደች። መኪያ የስልጤ ልጅ ናት፤ ከባሏ ጋር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ምን ያደርጋል፣ መኪያ ጡቷ መግል ያዘና በስቃይ ተኮራመተች። ሕፃኗ በረሃብ ስትጮህ ቆንጅት አጥር ተሻግራ ሄደች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ልጅቷን አንሥታ መጣች። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ እያጠባች አሳደገቻቸው። ሁለቱ ቤቶች በዓል ሲመጣ ሥጋቸው ለየብቻ ነው የሚታረደው፤ ወተቱ ላይ ግን ያኔ ክርስቲያንና እስላም ብሎ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም።

ኑሰይባ አድጋ አብራርን አገባች። አብራር የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች አጎቱ ሐጂ ሙንተሲር ገደብ ከተማ ወስደው አሳደጉትና፣ ሰው ሲሆን ተመልሶ ዲላ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። በወርቃ አካባቢ ያሉ የቡና መፈልፈያዎች ሲሰበሩ ባለቤቶቹ ቁራጭ ብረት ፍለጋ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። ሠርጋቸው ዕለት ከሙሽራዋ እናት ይበልጥ የጨፈረችው ቆንጅት ነበረች። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ወንድ ልጅ ተወለደ።

ነገሩ የፈነዳው በልጁ አቂቃ፣ ስም በሚወጣበት ድግስ ላይ ነው። በግ ታርዷል፣ ቤቱ ጢም ብሏል፣ ለእነ ቆንጅት ለብቻ ምስርና ዓሣ ተሠርቷል። ሕፃኑን አስታቀፏት። እሷም ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆነና፣

«ይኼ ልጅ በሁለት በኩል የልጅ ልጄ ነው!» አለች። ደረቷን መታ መታ አደረገች። «እናቱንም አባቱንም ያጠባኋቸው ከዚሁ ጡት ነው!»

ሴቶቹ እልልታውን አቋረጡ። መኪያ የያዘችውን ሰሃን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ሐጂ ሙንተሲር ከወንዶቹ ክፍል ብቅ አሉና «ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ያውም ጨመር አድርጋ፣ አብራር ሲጠባ እንዴት እንደሚጎትት ሁሉ ተረከች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው።

ጓዳ ወስዳ የነገረቻት መኪያ ናት። በእስልምና ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው፤ ሊጋቡ አይችሉም፤ ሳያውቁ ተጋብተው ከተገኙም አብረው አይውሉም አያድሩም። ቆንጅት ይህን ከሰማች በኋላ የቀረበላትን ዓሣ ሳትነካው ወደ ቤቷ ሄደች።

በዚያው ቀን ኑሰይባ ሕፃኗን አቅፋ እናቷ ቤት ገባች፤ አብራር ሱቁ ውስጥ ማደር ጀመረ። ሐጂ ሙንተሲር ነገሩ ከተማ ውስጥ እንዲዞር አልፈለጉም። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አብራር በሽማግሌዎች ፊት «ፈትቻታለሁ» ይላል፣ ነገሩ በዚያው ይዳፈናል ብለው ወሰኑ። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጁ ሀራም ውስጥ እንዳይኖር የፈሩ ሰው ናቸው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

ቆንጅት መኪናዋን ሸፍና ቤት ተቀመጠች። ሰፈሩ በረንዳው ጭር ሲልበት ሰው የሞተ መሰለው። ደስ ብሎት የሚኖርን ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማፍረሷ አንጀቷን በላው። ሐሙስ ማታ መኪያ መጥታ እግሯ ሥር ተቀመጠች።

«ቀልዴን ነው በዪልኝ» አለቻት። «አብራርን አላጠባሁም በዪ። አንድ ቃል ናት እኮ ቆንጅትዬ። ልጄ ገና አራስ ናት።»

ቆንጅት ልትል ምንም አልቀራት። ከንፈሯ ሁሉ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ «መኪያ፣ በኔ ውሸት ላይ ተኝተው ቢያድሩ እኔ ምን ላይ እተኛለሁ? አጥብቼዋለሁ» አለቻት። ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ።

ተሻለ ከወንበሩ ሆኖ ይሰማ ነበር። «አፍሽ ያመጣውን አፍሽ አይመልሰውም» አላት መኪያ ስትሄድ። «የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሂጂ። ወንድይፍራው አለልሽ አይደል?»

ወንድይፍራው የተሻለ ተማሪ የነበረ፣ አሁን ጠበቃ የሆነ ሰው ነው። አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሚያማክርበት አንዲት ጠባብ ክፍል መናኸሪያው አጠገብ አለችው። አርብ ጠዋት ቆንጅት ኑሰይባን ከነሕፃኗ ይዛ ሄደች። ወንድይፍራው ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀው ኑሰይባን ነው።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ባሌን ነው የምፈልገው» አለች ኑሰይባ። «ሀራም ከሆነ ግን አልፈልግም። የቸገረኝ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ፍቺ ሌላ ነው፣ ጋብቻ ማፍረስ ሌላ ነው። ፍቺ የቆመ ትዳር ሲፈታ ነው። ማፍረስ ግን ከመጀመሪያውም መጋባት አልነበረባቸውም ተብሎ ነው፤ ዕድሜዋ ሳይደርስ የተዳረች፣ ተገድዳ የተዳረች፣ የቅርብ ሥጋ ዘመዷን ያገባች፣ እንዲህ ያለው። ያንን የሚወስነው ደግሞ ፍርድ ቤት እንጂ አጎት አይደለም፣ ሽማግሌም አይደለም። ሽማግሌ ያስታርቃል።»

«ጡትስ?» አለች ቆንጅት።

«በቤተሰብ ሕጉ ጡት አብሮ መጥባት ጋብቻ አያስፈርስም፣ እትዬ። ግን እነሱ በኒካህ ነው የተጋቡት፣ ሕሊናቸውም እዚያ ነው ያለው። ሁለቱም ከተስማሙ ጉዳዩን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ እዚያ የጡት ነገር በደንብ ይመረመራል። የዚያን መልስ እኔ አላውቀውም፣ አውቃለሁ ብዬም አልዋሽዎትም።»

«አጎቱ ዛሬ ከሶላት በኋላ ፍታት ብለውታል» አለች ኑሰይባ።

ወንድይፍራው ከመቀመጫው ተነሣ። «ዛሬ? ኧረ ተይ! ኒካሁ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝስ? ጤነኛውን ትዳር በገዛ አፉ ፈታው ማለት አይደለም? ሰው ጠበቃ ዘንድ የሚመጣው ሁሉን ፈርሞ፣ ሁሉን ተናግሮ፣ ዕቃውን አውጥቶ ሲያበቃ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የጊዜ ገደብም ያለበት አለ፤ ያልፍና መብት ይቀራል። የሚጠየቀው ከመናገር በፊት ነው። አንቺ ምንም ወረቀት እንዳትፈርሚ። ልብስሽንም ከቤትሽ እንዳታወጪ። አሁኑኑ ሂዱና ልጁን ያዙት።»

ባጃጅ ይዘው ሲደርሱ አብራር ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ሱቁን ሊዘጋ ነው፤ ሐጂ ሙንተሲር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ቆንጅት ባጃጁ ሳይቆም ነው የወረደችው።

«አብራር! ዛሬ አንድ ቀን ዝም በል!» አለችው እያለከለከች። «ሰው ሳያስብ ሲያወራ ምን እንደሚሆን በእኔ አይተሃል!»

ሐጂ ተቆጡ። «አሁንም አንቺ? የተናገርሽው አይበቃም?»

«ልክ ነዎት ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እናንተ ደግሞ እየሮጣችሁ ልትፈቱ ነው። ቃዲው ይየው። ቃዲው አፍርሱ ካለ እኔው ራሴ ልብሷን አጣጥፌ አወጣለታለሁ።»

አብራር ሕፃኑን ከኑሰይባ እጅ ተቀበለ። በእነዚያ ቀናት ልጁን አላየውም ነበር። አየት አደረገውና «አጎቴ፣ ቃዲው ይየው» አለ። ሐጂ «እሺ፣ ይየው» ብለው ሽማግሌዎቹን ይዘው ወደ መስጊዱ አመሩ።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ቃዲ ድምፃቸው ዝግ ያለ አዛውንት ናቸው። ባልና ሚስቱ ጉዳያቸው እዚያ እንዲታይ መስማማታቸውን አረጋገጡና ቆንጅትን አስጠሩ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ለአንድ ጊዜ የተጠየቀችውን ብቻ ልትመልስ ለተሻለ ቃል ገብታለታለች።

«እህቴ፣ ኑሰይባን አጥብተሻታል?»

«አዎን። ከልጄ ከትጊ ጋር፣ ጥርስ እስክታወጣ።»

«አብራርንስ?»

«አዎን።» መኪያ ከኋላ ስትተነፍስ ተሰማ።

ቃዲው አልጻፉም። ነገርን ከሥሩ የሚይዙ ሰው ናቸው። «አብራርን ስታጠቢ ወተቱ የየትኛው ልጅሽ ነበር?»

«የትጊ።»

«የበፊቱ ልጅሽ አይደለም?»

«ኪዳነወልድማ ያኔ ትምህርት ቤት ገብቷል።»

ቃዲው ቀና አሉ። «ስለዚህ ኑሰይባ ሕፃን ሳለች ነው። አብራር፣ ሚስትህን በስንት ዓመት ትበልጣታለህ?»

«ሦስት ዓመት ያልፋል» አለ አብራር።

 ሐጂ ሙንተሲር የአብራር እናት በሽተኛ ስለነበረች ገና እንደተወለደ ጎረቤት ያጠባችው መስሏቸው ነበር፤ ሌላውም ሰው እንደዚያው። ሁሉም ደንግጦ ሮጠ እንጂ ልጁ ያኔ ምን ያህል ነበር ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ» አሉ ቃዲው።

ቆንጅት አብራርን አየችው። ይህን በሱ ፊት መናገር አልፈለገችም ነበር፤ በአቂቃው ዕለት እንኳ ሳቁን ሳቁን ብቻ ነው ያወራችው።

«በእግሩ ነው የመጣው» አለች። «ሱሪ ለብሶ፣ ጥርሱ ሞልቶ። እናቱን ከቀበርን ሳምንት አልሞላም ነበር። ቤታቸው ለቀስተኛ ሞልቶ ልጁን ያየው የለም። ብቻውን መንገድ ተሻግሮ መጣ። እኔ ሁለቱን ሴቶች ይዤ እያጠባሁ ነው። በሩን ይዞ ቆመና ‹እኔንስ?› አለኝ። ምን ልበለው? ትጊን አስተኛሁና እሱን አቀፍኩት። አጎቱ መጥተው እስኪወስዱት ድረስ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ቆሞ ነው የሚጠባው፤ እቅፍ አይበቃውም ነበር።»

ሐጂ ሙንተሲር መሐረባቸውን አወጡ። «ገደብ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሦስት ዓመቱን አልፎ ነበር። ወላሂ፣ እውነቷን ነው።»

«ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ጡት ቢጠባ ዝምድና አያመጣም» አሉ ቃዲው። «ጥቢ የሚባለው በሕፃንነት የሚጠባው ነው። ኒካሁ የጸና ነው፤ የሚፈርስ ነገር የለም።» ከዚያ ወደ ቆንጅት ዞሩ። «ይህን ለምን ቀደም ብለሽ አልተናገርሽም?»

«የጠየቀኝ ማን አለ!» አለች ቆንጅት።

ፍርድ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ መኪያ እየሳቀች ታለቅሳለች። ቃዲውም ፈገግ አሉና «ኑሰይባ ግን የጥቢ ልጅሽ ናት። አብራር፣ አማትህን አክብር» አሉት።

ከግቢው ሲወጡ ኑሰይባ ከእናቷ ጋር ባጃጅ ልትይዝ ቀደመች። አብራር ወደ ኋላ ቀርቶ ከቆንጅት ጋር ቀስ እያለ ይራመድ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ከእናቴ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው» አላት። «ፊቷ አይታየኝም። ቆሜ ስጠባ፣ በእጇ ማጅራቴን ይዛኝ ነው የማስታውሰው። ያንን ይዤ ነው ያደግሁት። ለካ አንቺ ነሽ።»

ቆንጅት ‹የለም፣ እናትህም እንደዚያ ታደርግህ ነበር› ልትለው አሰበችና፣ የማታውቀውን መናገር አልሆነላትም። እጇን ዘረጋችና ማጅራቱን ያዘችው።

«ሕጉ ግን አልቆጠረውም» አለ አብራር፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«እንኳን አልቆጠረው! ቆጥሮት ቢሆን ሚስትህን አጥተህ ነበር» አለችው። «እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ፣ ልጄ።»