ለለቅሶ የተጣበቁ ወንበሮች

ጋሽ ዘውዱ አርፈዋል። ያልሰማ ካለ ብዬ ነው እንጂ አትላንታ ውስጥ ያልደወልኩለት ሐበሻ የቀረ አይመስለኝም። ያረፉት ሊቶኒያ፣ ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው። ጠዋት ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ እጃቸውን ይዘው። አልተጨነቁም። ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ተኝተው በነበረ ጊዜ የሚፈሩት ያንን ቁልፍ ሲጫኑት የሚነሳውን የብረት አልጋ ነበር። «ይኼ ክሬን ነው እንጂ አልጋ አይደለም፣ እዚህ ላይ እንዳልሞት» ይሉ ነበር። እዚያ ላይ አልሞቱም፣ ተመስገን።

ይህን የምጽፈው እኔ ቢኒያም ነኝ። የሱቃቸው ትራክ ሹፌር፣ ተሸካሚ፣ ኮላ ቀቢ፣ ቆንጆው ልጅ። እትዬ አልማዝ «አንተ ጻፍ» ሲሉኝ «እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም የተለያየሁ ሰው ነኝ፣ የተማረ ይጻፍ» አልኳቸው። «የተማሩት ሲጽፉ ዘውዱን ጳጳስ ያስመስሉብኛል። አንተ እንደምታወራው ጻፈው» አሉ። እና እንደማወራው ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ዘውዱ አቮንዴል እስቴትስ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሱቃቸው የድሮ የአውሮፓ የቤት ዕቃ እያደሱ ይሸጡ ነበር። አርት ዴኮ ይሉታል። አያቶቻችን ልጆች በነበሩበት ዘመን ፈረንሳይና ቤልጂየም የተሠራ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ የምግብ ጠረጴዛ። ጥጉ ሁሉ ክብ ክብ ያለ፣ የዋልነት እንጨት ልባጡ ግራና ቀኝ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የገጠመ፣ ፊትህን አይተህበት ፀጉርህን የምታበጥርበት ዕቃ። ይኼ ግን ከታደሰ በኋላ ነው። ኮንቴይነሩ ሲከፈት እንደዚያ አይደለም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ያየሁት እግሩ የወለቀ፣ አቧራ የጠጣ፣ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ የሚመስል ቡፌ ነበር።

«ጋሼ፣ ዳምፕስተሩ፣ የቆሻሻ ገንዳው፣ የት ነው?» አልኳቸው።

እሳቸው ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አንድ ቦታ ላይ አሹት። ከስሩ ያ እንጨት ወርቅ መስሎ ወጣ።

«አሁንስ የት ነው ዳምፕስተሩ?» አሉኝ።

በዚያው ቀረሁ። ዛሬ አትላንታ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ወንበር የሚያጣብቅ ሐበሻ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንየው። ይኼን ስል ይሰሙኝ ቢሆን ኖሮ «ሞርሳውን አጥብቅ እንጂ አፍህን አትክፈት» ነበር የሚሉኝ።

ደግነታቸው ብዙ ነው፣ የራሴን ብቻ ልናገር። በዲቪ እንደመጣሁ ክላርክስተን ከሦስት ልጆች ጋር ተዳብዬ፣ በፓምፕ በሚነፋ ፍራሽ ላይ ነበር የምተኛው። ይኼን የሰሙ ቀን «ሰው አየር ላይ አይተኛም» አሉና ራሳቸው ትራኩን ነድተው የቤልጂየም አልጋ አመጡልኝ። «እስክሸጠው ድረስ ተኛበት» ብለው። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ፈረንጅ ሱቅ መጥታ ልክ እንደዚያ ያለ አልጋ እፈልጋለሁ አለች። እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። «ሶሪ፣ ተሽጧል» አሏት። ማን እንደገዛው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ እተኛበታለሁ።

አሁን ወደ ወንበሩ ልግባ፣ ይኼ ጽሑፍ የወንበር ነው።

ጋሽ ዘውዱ ለማንም የማይሸጡት አንድ የምግብ ጠረጴዛ ነበራቸው፣ ከነአሥራ ሁለት ወንበሩ። ከጠረጴዛው ራስ የምትቀመጠዋ ክንድ ያላት ናት፣ የክብር ወንበር። የሊቶኒያውን ቤት የገዙ ጊዜ ሰው ጠሩ። የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ጌታነህም መጡ። ባለ ጋዝ ስቴሽኑን አቶ ጌታነህን የማያውቅ የለም፤ ግርማ ሞገስ ያላቸው፣ ሰፊ ሰው ናቸው። ከፍቅራቸው ብዛት ጋሽ ዘውዱ በዚያች በክብር ወንበር አስቀመጧቸው። አቶ ጌታነህ ዶሮ ወጡን ይዘው ለምርቃት ብድግ ሊሉ ሲሉ የኋላ እግሯ ቋ! አለ። አቶ ጌታነህ ከነሳህናቸው ምንጣፉ ላይ። እንቁላሉ ተንከባሎ ቡፌው ስር ገባ።

ይኼ እንኳን ያልፍ ነበር። ያላለፈው ቀጥሎ የሆነው ነው። ጋሽ ዘውዱ ከወዲያ እየሮጡ መጡ፣ አቶ ጌታነህን ተሻገሯቸውና የወንበሯን እግር አነሱ። ወደ መብራቱ አስጠግተው ስብራቱን ያያሉ። ሰውዬው መሬት ላይ ናቸው፣ ወጡ ክራቫታቸው ላይ ነው፣ ጋሽ ዘውዱ እግር ይመረምራሉ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ጌታነህ ግን አልሳቁም። በሰው ተደግፈው ተነሱና «ከእኔ ወገብ የእንጨት እግር በለጠብህ አይደል ዘውዱ?» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ እንኳን አንዱ ሌላውን ሲያይ መኪናውን ሌላ ቦታ ፓርክ ያደርጋል። ሰውም ቀስ በቀስ ወደዚያ ቤት መሄድ ተወ። «ዘውዱ ጋ ቆመህ ነው የምትበላው» ተባለ። እውነትም ነበር፤ ጋሽ ዘውዱ ራሳቸው ከዚያ በኋላ ማንንም በእነዚያ ወንበሮች ላይ ማስቀመጥ ፈሩ። ዕቃው ያማረ፣ ሰው የሌለበት ቤት ሆነ። እትዬ አልማዝ «ከወንበር ጋር ነው የምኖረው» ይሉ ነበር፤ ቀልድ ይመስል ነበር፣ ቀልድ ግን አልነበረም።

ታመው ከሆስፒታል ወደ ቤት የተመለሱ ሰሞን ጠሩኝ። «አሥራ ሁለቱንም ወደ ጋራዥ አውጣና ፍታቸው። እንደገና እናጣብቃቸዋለን» አሉኝ።

«ደንበኛ መጣ እንዴ ጋሼ?»

«ለለቅሶዬ ነው።»

እትዬ አልማዝ ከኩሽና ሰምተው «አንተ ሰውዬ! በቁምህ ለቅሶ ትደግሳለህ?» ብለው ጮሁ።

«አልሚ፣ ያ የዕድሩ የሚታጠፍ የኪራይ ወንበር እዚህ ቤት እንዳይገባ። ሰው በእኔ ወንበር ተቀምጦ ነው የሚያለቅሰው። ካለቀሰ።»

«ካለቀሰ» ሲሉ ድምፃቸው ቀጠነ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሞቱን አልነበረም የፈሩት፣ ሰው አይመጣም ብለው ነበር የፈሩት።

ጋራዡ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አንዱ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ኮላው የድሮው ዓይነት ነው፣ ከከብት ቆዳ የሚፈላው። ሽታው፣ እግዚኦ! እትዬ አልማዝ «ቤቴን ቆዳ ፋብሪካ አደረጋችሁት» እያሉ መስኮት ሲከፍቱ ይውላሉ። እኔም አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሆም ዲፖ ሄጄ ያንን የዘመኑን ኮላ ባመጣ በአንድ ቀን አንጨርስም?» አልኳቸው።

«የዘመኑ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ልትፈታው ስትል እንጨቱን ነው የሚሰብረው። ይኼኛው ትኩስ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል፣ አጽድተህ ደግሞ ታጣብቀዋለህ» አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ክንዳሟ ወንበር እያመለከቱ፣ «እሷን እኮ ከእኔ በፊት የሆነ ሰው በዘመኑ ኮላ ሸፋፍኗት ነበር። ሳልፈታት ጌታነህን አስቀመጥኩባት። እንግዳ መጣ ብዬ ቸኮልኩ» አሉ።

ዕድል አገኘሁና ጠየቅኳቸው። «ታዲያ ያን ቀን ሰውዬውን ትተው እግሯን ያነሱት ምን ነክቶዎት ነው?»

«ስብራቱን ለማየት ነበር። ሌሎቹም በዚያ ኮላ ተጣብቀው ከሆነ አሥራ አንድ ሰው ሊወድቅብኝ ነው።»

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ!»

«ያን ጊዜ ደንግጬ ነበር። በኋላ ስናገረው ሰበብ መሰለ።» ከዚያ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡና «ደግሞ ግማሹ ለወንበሯ ነው። አልዋሽም» አሉ።

ክንዳሟን በመጨረሻ ጨረስናት። እሳቸው ተቀመጡባት፣ ግን ከስተው ነበር። «እኔማ አሁን ብርድ ልብስ ነኝ፣ ምንም አልፈትናት። አንተ ዝለልባት» አሉኝ። ዘለልኩባት። «መቀመጥማ ማንም ይቀመጣል። ወንበር የሚፈተነው ሰውዬው ክንዷን ተደግፎ ሲነሳ ነው» አሉ። ተነሳሁ። ድምፅ የለም። «እንግዲህ ጌታነህን ጥራው። ና ተቀመጥ ብሎሃል በለው» አሉኝ።

ጋዝ ስቴሽኑ ሄድኩ። አቶ ጌታነህ ካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ ሆነው ጨርሰው አዳመጡኝ።

«እዚያ ቤት የሚታይ ነው እንጂ የሚቀመጡበት የለም» አሉኝ። «ወገቤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግረኛል፣ ዌዘር አፕ አልፈልግም። እግዚአብሔር ይማረው በለው።»

ተመልሼ «ሥራ በዝቶባቸው ነው» አልኩ።

«ልጄ፣ መዋሸት አትችልበትም» አሉ ጋሽ ዘውዱ። ትራሳቸው ላይ ዞር አሉ። «ስሞት ይመጣል፣ ዕድር ነው። ያን ጊዜ እሷ ላይ አስቀምጠው። ሌላዋ ላይ ከተቀመጠ፣ ያው ተቀመጠ ነው። እሷ ላይ ከተቀመጠ ታረቅን ማለት ነው።»

እሺ አልኳቸው። ለሚሞት ሰው እሺ ማለት ቀላል ነው፣ ፈተናው በኋላ ነው የሚመጣው። እሷ እንደገና ብትሰበርስ? በለቅሶ ቤት? ጋሽ ዘውዱን ሁለቴ መቅበር ነበር።

ከቀብር ስንመለስ የዕድሩ ልጆች የሚታጠፈውን ወንበር ጭነው ደጅ ደርሰዋል። መኪና መግቢያው ድራይቭዌይ ላይ ቆምኩባቸው። «አይገባም!»

«ቢኒ ሙድ አትያዝ፣ ሕዝቡ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው? ሙዚየም ላይ?»

«አዎ፣ ሙዚየም ላይ! ያጣበቅኩት እኔ ነኝ!»

«እሱማ ነው ያስፈራን!»

እትዬ አልማዝ ጥቁር ለብሰው በር ላይ ብቅ አሉ። «ልጆቼ፣ ተዉት፣ የዘውዱ ቃል ነው» አሉ። አለቀ። ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሶፋዎችና ወንበሮች ሁሉ በሁለት ምልልስ አመጣሁ። ሰውም መጣ። መጣ ስላችሁ፣ ኮሪደሩ ሞልቶ ደረጃው ላይ ድረስ መጣ። እነዚያ ማንም ያልተቀመጠባቸው የፈረንሳይ ወንበሮች ላይ እናቶች ነጠላቸውን ጥለው ተቀመጡ።

ክንዳሟን ግን ማንም እንዳይቀመጥባት ጃኬቴን ጣል አድርጌባት ነበር። አቶ ጌታነህ ሲገቡ ጃኬቴን አነሳሁ። ያን ጊዜ ከነበሩት ላይ ሌላ ትንሽ ጌታነህ ጨምረዋል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለው ዞር ሲሉ ባዶ ያለችው እሷ ብቻ ናት። የኋላ እግሯን አዩ፣ ጥገናው በቀጭኑ ይታወቃል።

«ይቺ ናት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እሷ ናት ጋሼ።»

«ማን ጠገናት?»

«እኔ። እሳቸው እያዩ።» ከዚያ ሁሉንም በጆሯቸው ነገርኳቸው፣ ስብራቱን ለምን እንዳዩ፣ አሥራ አንዱን ሰው፣ ግማሹም ለወንበሯ እንደነበር።

«ግማሹ ለወንበሯ ነው አለህ?»

«አልዋሽም ብለው ነው የነገሩኝ።»

አቶ ጌታነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁሉም ለሰው ነው ቢልህ ኖሮ አላምንም ነበር» አሉ። ክንዷን ያዙ። ቀስ ብለው ወረዱ።

ቋ!

እትዬ አልማዝ አፋቸውን ያዙ። እኔ ነፍሴ ወጥታ ጣሪያ ላይ ሆና ታየኛለች።

«ጉልበቴ ነው» አሉ አቶ ጌታነህ።

መጀመሪያ እትዬ አልማዝ ናቸው የሳቁት። ከዚያ የለቅሶ ቤቱ በሙሉ። እዚያው ሳቁ መሃል አቶ ጌታነህ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው «ዘውዱ፣ ዘውዱ» እያሉ አለቀሱ። እኔ ኩሽና ገብቼ ፍሪጁን ከፍቼ ቆምኩ፣ የምፈልገው ነገር ያለ አስመስዬ።

እንግዲህ ጋሼ፣ ልሰናበትዎት። ሪፖርት ላድርግና ይረፉ። ሰው መጥቷል። ካለቀሰ ብለውኝ ነበር፣ አልቅሷል፣ ስቋልም። የኪራይ ወንበር አልገባም። ቡፌው ላይ አንዷ እናት ትኩስ ሻይ አስቀምጣ ነጭ ክብ ጥላበታለች፣ እሱን እኔ አጠፋዋለሁ፣ አይጨነቁ። እትዬ አልማዝ ከወንበር ጋር ብቻ አይደሉም፣ ሦስቱን ቀን በሩ አልተዘጋም፣ ከዚያም ወዲህ ሰው ይመጣል።

ፈተናው ሲነሳ ነው ብለውኝ ነበር፣ አልረሳሁም። አቶ ጌታነህ እስኪመሽ ከእሷ አልተላቀቁም። ሲበቃቸው ሁለቱን ክንዷን ያዙ፣ ባለ በሌለ ክብደታቸው ተጫኗት፣ እኔ ከኋላ ጆሮዬን አቅንቼ ቆሜያለሁ። ብድግ አሉ።

ድምፅ የለም ጋሼ። ጉልበታቸው እንኳን ዝም አለ።