ይታደስ ያልነው ትምህርት ቤት

ቡታጅራ ውስጥ እንደኔ አማርኛ አጣርቶ የሚናገር ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንወዳደር። አፌን የፈታሁት በጉራጊኛ ነው፤ የተማሪ ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከአሮጌው ትምህርት ቤት የጭቃ ግድግዳ ስር፣ ከውጭ ሆኜ ነው።

ያኔ ጺም ያበቀልኩ ጎረምሳ ነበርኩ። የአጎቴ በርበሬ እዚያ ግድግዳ ጥግ ይሰጣ ስለነበር የምጠብቀው እኔ ነኝ። መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ መምህሯ የሚሉትን በጭራሮ አፈር ላይ እጽፋለሁ። ነፋስ በመጣ ቁጥር በርበሬው ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ልጆች ያስነጥሳቸዋል። አንድ ቀን መስኮቱ ይዘጋልን ብለው ለመኗቸው።

«አይዘጋም» አሉ መምህሯ። «ውጭ አንድ ተማሪ አለኝ።»

ፊቴን አዙሬ በርበሬውን ማገላበጥ ጀመርኩ።

አምና አሮጌው ትምህርት ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል እኛ ሽማግሌዎች ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጋር ተሰበሰብን። እዚያው ክፍል ውስጥ የተማረው ጓደኛዬ፣ ዛሬ ሐጂ ነው፣ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ውጭ የተማርከው አንተ ነህ፤ አንተ ተናገርልን» አለኝ።

ተነሣሁ። «አይፍረስ» ማለት ልመና መሰለኝ፤ እንዲህ ላለ ቤት ከፍ ያለ ቃል ያስፈልጋል። «ይታደስልን» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ኮሚቴውም ወዲያው እሺ አለ።

ክረምቱን ታምሜ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ከረምኩ። ስመለስ ግድግዳው የለም፤ በቦታው ብሎኬት ቆሟል። የሥራው ተቆጣጣሪ ትሑት ወጣት ነው፤ እጄን ይዞ አስጎበኘኝ። አሮጌው የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው ግራ ገባው።

«ታደሰ እኮ አባባ። ይታደስ ያላችሁት እናንተው አይደላችሁ?»

ቃሌ አልተሳሳተም። የፈለገ ሊቅ ይምጣና ይፍረድ፤ ማደስ ማፍረስ አይደለም። ይህንን ለሐጂ ስነግረው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ሄጄ ስጡን እጠብቅበት በነበረው ቦታ ቆምኩ። ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። አዲሱ መስኮት ወፍራም መስታወት ነው፤ ድርግም ተደርጎ ተዘግቷል። የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ብዙ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ፤ አንድ ፊደል እንኳ ወደ ውጭ አልወጣም።