በእርስዎ ስም ይሁን

በንግድ ሥልጠናው ቀን አሠልጣኙ አራት ሣጥን የተሠመረበት ወረቀት አደለን። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። እኔ አሳ ነጋዴ ነኝ፤ ጣና ዳር አምባዛና ቆሮሶ ተረክቤ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ ለባሕር ዳር ሆቴሎች አቀርባለሁ። ስጋት በሚለው ሣጥን ውስጥ እምቦጭ፣ የመብራት መጥፋት፣ የጾም ማለቅ ብዬ ጻፍሁ። ወንድምጋሼን አለመጻፌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወንድምጋሼ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ወላጆቻችን ሲሞቱ አሳድገው ለወግ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። ሱቁን የከፈትነው አብረን ነው፤ ፍሪዘሩን እሳቸው ገዙ፣ ሙያውንና ደንበኛውን እኔ አመጣሁ። አሠልጣኙማ "ከዘመድ ጋር ስትሠሩ አስቀድማችሁ የመመሥረቻ ጽሑፍ ተፈራረሙ፤ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቅ" ብሎን ነበር። ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። ንግድ ቢሮ ደርሰን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "የግል ማኅበር ነው ወይስ የግለሰብ?" ስትል ግን ወንድምጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። ከእሳቸው ጋር ውል መፈራረም "አላምንዎትም" ማለት መስሎ ታየኝ። አፈርሁ።

"በእርስዎ ስም ይሁን" አልሁ።

ማንም አላስገደደኝም። የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ማለዳ ጀልባ ስጠብቅ፣ ክረምት ከበጋ እጄ በበረዶ ሲደነዝዝ ኖርሁ። አንድ ሰኞ ስመጣ "ትኩስ አሳ" የሚለው ሰሌዳዬ ተነቅሎ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል።

"አሳው ይብቃን" አሉ ወንድምጋሼ። "ከከተማው ዳር ዘንዘልማ ላይ ሰው ሁሉ ቤት እየሠራ ነው። ሚስማርና ቆርቆሮ እንሸጣለን።"

እንሸጣለን! ማን ከማን ጋር መክሮ?

በቀጥታ ንግድ ቢሮ ሄድሁ። ያችው ልጅ ኮምፒዩተሯን አየችና "እትዬ፣ ባለቤቱ አንድ ሰው ናቸው። እርስዎ የሉበትም" አለችኝ። ጮኼ ወጣሁ። በማን ላይ እንደጮህሁ ግን ዛሬም አላውቅም።

እሑድ ወንድምጋሼ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ አስቀዱና "ለሚስማሩ መጋዘን ቦታ ስጠይቅ ቢዝነስ ፕላን አምጣ አሉኝ። አንቺ ሠልጥነሻል፣ ጻፊልኝ" አሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። ገበያውን፣ ተወዳዳሪውን፣ አራቱን ሣጥኖች ሞላሁ። የባለቤት ስም የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

"የማንን ስም ልጻፍ?"

"የእኔን ነዋ! በእኔና በአንቺ መካከል ምን ልዩነት አለ?" ብለው ሳቁ። ከልባቸው ነበር።

"ልዩነት ከሌለንማ የእኔን ይጻፉት" አልሁና እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው።

ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። ወረቀቱን ገለበጡት። ሻያቸው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አዩኝ።

"አታምኚኝም ማለት ነው?" አሉ።

ያን ቀን ቢሮው መስኮት ሥር የሸሸኋት ቃል ይህችው ነበረች። ሱቄንም አጣሁ፣ ከቃሏም አልዳንሁ።