በሸማኔ ምት የተቀዳው ካሴት

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጉለሌ ውስጥ ሮክ የሚጫወት ስለሺ መሸሻ ብቻ ነበር። ሌላም ነበረ የሚል ካለ ይምጣና እኔን ያናግር፤ ጊታር ያነገተውን ሁሉ በቤት በቤቱ አውቀዋለሁ።

ባንድ ነበረው እኮ። ድራም መቺው ወደ ግንባር ሄደ። ቤዝ መቺውን የቀበሌ ኪነት ወሰደው። ዘፋኙ አግብቶ አዋሳ ገባ፤ የሰርጉ ቀን ዝናቡ ዳሱን ጥሎት ድግሱን ጎረቤት ቤት ስናጓጉዝ... እሱን ተዉት፣ ረጅም ነው።

ስለሺ ብቻውን ቀረ፤ ካሴቱን ብቻዬን እቀዳዋለሁ አለ። በሁለት ቴፕ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጊታሩን በአንዱ ይቀዳል። ያንን እያጫወተ ቤዙን ሲመታ፣ ሁለተኛው ቴፕ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀዳል። ከዚያ ድምፁን እንደዚሁ ይደርባል። ስምንት ዘፈን፣ አምስት ወር። የመጀመሪያ ካሴቱ ነው። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ያሕያ፣ "ባዶ ካሴት ይዤልሃለሁ፤ ከፋሲካ ካለፈ ግን ለሌላ ነው" ብሎታል። ባዶ ካሴት ያኔ እንደ ስኳር በወረፋ ነበር።

ድራም ግን የለም። ምቱን ማን ይያዝለት? ከግድግዳው ወዲያ ሸማኔው ጋሽ ሾዴ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ስለሺ ያንን እየሰማ ጊታሩን ቀዳ፣ የቀረውን በጊታሩ ላይ ደረበ። ብልጠቱ ለራሱም ደነቀው።

የሆሳዕና ማግስት ካሴቱን ይዞ ሄደ። ያሕያ አንዱን ሰማ፣ ሌላውን ሰማ፣ ቴፑን ዘጋው።

"ያነክሳል።"

"የቱ?"

"ሁሉም። መሀል ላይ ሲደርስ የእንጦጦን ዳገት እንደያዘ አውቶቡስ ያቃስታል፣ ከዚያ ደግሞ ቁልቁለት ያገኛል። ጠጥተህ ነው የቀዳኸው?"

"ውሃ።"

"እንግዲያው ጠጥተህ ቅዳው።" ያሕያ ካሴቱን መለሰለት። "እንዳለ ይውጣ ካልክ አወጣዋለሁ፤ የሚለጠፈው ያንተ ስም ነው። እስከ ነገ ንገረኝ።"

ስለሺ ሽሮ ሜዳ እስኪደርስ ድረስ በእግሩ ሄደ። ጥርሱን ነክሶ ነበር። ቤቱ ሳይገባ ቀጥታ ጋሽ ሾዴ ጋ ገባና ቆሞ አያቸው። ለፋሲካ የሚደርስ ቀሚስ ነበር የያዙት፣ በየአራት ጣቱ ቀጭን ጥበብ ያለበት። ጥበብ የሌለበትን ነጩን ሜዳ ቷ ቷ እያደረጉ ይፈጥናሉ፤ ጥበቡ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ባለቀለሙን ክር በጣት በጣታቸው ይለቅማሉ። ቷ... ቷ...። ለካ አምስት ወር ሙሉ ጥበብ ሲቀዳ ነው የከረመው።

"ጋሼ፣ ገደሉኝ" አለና ነገሩን ሁሉ ነገራቸው።

ጋሽ ሾዴ መወርወሪያውን አስቀመጡ። "አብሬህ እየዘፈንኩ መሆኔን መቼ ነገርከኝ?"

"ይህን ሳምንት ጥበቡን ቢተዉትስ?"

"ሴትየዋ ለፋሲካ አቡጀዴ ትልበስ?"

"እሺ፣ ሌላ ምን ላድርግ?"

"ጋቢ ጠብቅ። ጋቢ ሜዳ ነው፣ ስትሄድ ብትውል የሚያስቆምህ የለም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ታዞኛል።"

ስለሺ ቤቱ ገብቶ በእግሩ እየመታ ልቅዳ አለ። አልሆነም፤ እጁ ለምዶት ኖሮ እዚያው ቦታ ላይ ይዘገያል። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ዘገየ። ጊታሩን ሊሰብረው አንስቶ፣ ሌላ እንደማያገኝ ሲያስብ አስቀመጠው።

በማግስቱ ያሕያን "አይውጣ" አለው። ያሕያ አልለመነውም፤ የያዘለትን ባዶ ካሴቶች ለአንድ የኪነት ቡድን ሰጣቸው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰኞ፣ ስለሺ ጊታሩን ቃኝቶ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ወዲያ ማዶ ዝም ነው። በመጨረሻ ሄዶ ጠየቀ።

"የጋቢውን ድር እየቋጠርኩ ነው፤ ይህ ሳያልቅ ሽመና የለም" አሉት ጋሽ ሾዴ ቀና ሳይሉ። "ክሩ ብዙ ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ ብትጠብቀኝ ምን ትሆናለህ?"