በጎናቸው የተኙ ቀዳዳዎች

ቁም ሳጥኔን ሳጸዳ ነው ያገኘሁት፤ ያንን የሽጉጥ መወልወያ ዘንግ። አሸተትኩት። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ሰምና የቀለጠ እርሳስ ይሸታል።

እንግዲህ ልንገርሽ። ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ተሻግሮ፣ አሌክሳንድሪያ ስንኖር፣ አባቴ የሞተ ዓመት፣ ገና አሥራ ስምንት መሙላቴ ነበር። መቃብር ወርዶ እንደ እስልምናው ወግ በቀኝ ጎኑ ያስተኛው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ነው። ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬንጅ፣ ተኩስ መለማመጃው ሄደው የሚተኩሱበት የአባቴ ሪቮልቨር ለሱ ቀረለት። ምግብ አልወርድ ብሎት፣ ጋራዥ ውስጥ እርሳስ እያቀለጠ፣ ሰም እየቀባ ረጃጅም፣ ከባድ ጥይት ይሠራ ጀመር። "ለወንድሜ መሣሪያ ቀላል ነገር አይመጥነውም" ይላል።

አንድ ቅዳሜ የተኮሰበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። አንድም ክብ ቀዳዳ የለም። ሁሉም ረዘም ረዘም ብለው በጎናቸው ተጋድመዋል።

"አየሽ?" አለኝ በሹክሹክታ። "እንዳስተኛሁት ነው የተኛው። ወላሂ፣ ወንድሜ መልስ እየሰጠኝ ነው።"

እኔ ፈራሁ፤ እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በላ፣ ሳቀ። ወረቀቶቹን እየሳመ ግድግዳው ላይ ይለጥፋቸው ነበር።

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥ! ፍርሃቱ እንዲለቀኝ ብዬ ሽጉጡን ባዶ አስደረግኩትና፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ በአፈሙዙ ገፋሁት። የምገፋው ቀጥ አድርጌ ነው፤ ዘንጉ ግን ከወዲያ በኩል ሰው የያዘው ይመስል መዳፌ ውስጥ በራሱ ዞረ። ሲሶ ዙር እንኳ ሳይሞላ አፈሙዙ አለቀ። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ጥይቱን የሚያሽከረክረው አፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጥምዝ ቦይ ነው፣ የዚህኛው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ረጅሙንና ከባዱን ጥይት ቀጥ አድርጎ መላክ ስለማይችል፣ ጥይቱ አየር ላይ ተገልብጦ ወረቀቱን በጎኑ ይመታል።

"ጋሼ፣ ጥይቱ ቱ ሄቪ ነው" አልኩት። "አፈሙዙ አይችለውም። ቀለል ያለ ትራይ አድርግ።" ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

በሳምንቱ አብሬው ሄድኩ። ቀላሉን ተኮሰ። ስድስት ቀዳዳ፣ ስድስቱም ክብ። "አላልኩህም?" ልለው ስል ፊቱን አየሁት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ፣ "ሄደ" አለኝ። "አሁን ገና ሄደ።"

እንባዬን ሲያይ እኔኑ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" አለኝ። ሽጉጡን ግን ዳግመኛ አልነካውም፤ ወረቀቶቹንም ከግድግዳው አወረዳቸው።

አሁን እሱም የለም። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ ዘንጉን በመዳፌ ይዤ ቀጥ አድርጌ ወደ ባዶው ገፋሁት። ጠበቅኩ። አልዞረም።