የጉድጓድ ማሽላ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት የግብርና ሠራተኛ ቤቴ መጣች። ልጅ ናት፤ ከመጨረሻዋ ልጄ ብትበልጥ በትንሽ ነው። ሻርፗን ጠምጥማ፣ ሰፊ ስልክ በእጇ ይዛ፣ «እማማ፣ ደኅና አደሩ? ለጥናት ነው፣ ብዙም አልቆይ» አለችኝ። በረንዳው ላይ እንድትቀመጥ ዱካ ሰጠኋት። የቤተሰቡን ብዛት ጠየቀች፣ ነገርኳት። በሬና ላም ጠየቀች፣ ነገርኳት። «ዘንድሮ ማሽላ ስንት ኩንታል አገባችሁ?» ስትል ግን ዓይኔ ወደ ጓዳው መጋረጃ ሄደ።

«ኧረ ምን አግኝተን ልጄ! ዝናቡ ቶሎ ቆመ፣ የተረፈውን ደግሞ ወፍ በላው።»

እንግዲህ ከመጋረጃው ወዲያ ማሽላው በጆንያ በጆንያ ሆኖ እስከ ጣራ ተደርድሯል። አልሀምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ደኅና ሰጥቷል። ልጄ ከድር በሩ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ልጅቱ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ፣ አመስግናኝ ተነሣች።

«እማ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ ከድር ገና ደጁን ሳትለቅ። «የሚጠይቁት እኮ ለምርጥ ዘርና ለማዳበሪያ ነው! በሌለ ቁጥር ያቅዱና በኋላ አልደረሰንም ብለን እኛው እንጮሃለን።»

እውነቱን ነው። አስቤበት አልዋሸሁም። አፌ ነው ቀድሞኝ የሄደው። ይህ አፍ ግን መዋሸትን የት እንደተማረ አውቃለሁ።

ያኔ ለባል የደረስኩ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከመርሳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ወዲህ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ገበሬው ካመረተው ላይ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለመንግሥት የሚያስረክበው ኮታ ነበረበት። ዋጋውን የሚቆርጠው አዲስ አበባ፣ መጠኑን የሚደለድለው ወልድያ፣ የሚያስረክበው አባቴ። ዘነበ አልዘነበ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮታ ጎደለባቸው ተብለው ከገበያ በውድ ሸምተው ለመንግሥት በርካሽ ያስረከቡ ሰዎች አውቃለሁ። ለልጆቹ ስነግራቸው የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

የኛ አገር ሰው ደግሞ ማሽላ የሚያስቀምጠው በጉድጓድ ነው። ይሄ ለመደበቅ ተብሎ የመጣ ነገር አይደለም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የነበረ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ገለባ ይለብሳል፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ አፈር ይመለስበታል። አይጥም እሳትም አያገኘውም። በኮታው ዘመን የካድሬ ዓይንም እንዳያገኘው ብሎ አባቴ የኛን በረቱ ውስጥ ቆፈረውና ከብቶቹን በላዩ ላይ አሳደረ።

የጉድጓድ እህል አንድ ጉድ አለበት፤ ሽታው። ማሽላው መሬት ውስጥ ከከረመ የታፈነ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይይዛል። ዱቄቱም ሊጡም እንጀራውም ያንኑ ነው የሚሸተው፤ የበላ ሰው እጁን ቢታጠብ እንኳ ቶሎ አይለቀውም። የከተማ ሰው ቢቀምሰው እህሉ ተበላሽቷል ብሎ ያልፋል። የቆላ ሰው ግን አንዴ ካሸተተ አበቃ፣ ያ ቤት ጉድጓድ መክፈቱን ያውቃል።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ከማዶ ያለ አንድ ጎረቤታችን ጉድጓዱ ተገኘበትና እህሉን በመኪና ጫኑት፤ እሱንም እህሉ ላይ አስቀምጠው ወደ ወልድያ ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ትመላለስ ነበር። አንዳንድ ቀን ይቀበሏታል፣ አንዳንድ ቀን «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብለው ይመልሷታል። እኔ ያንን መኪና በሕልሜ አየው ጀመር። በሕልሜ ግን እህሉ ላይ የተቀመጠው አባቴ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ፀሐዩ ጭንቅላት በሚበሳበት ሰዓት፣ እኛም ቤት መጡ። ከወልድያ የመጣ ወጣት ካድሬ፣ ጠብመንጃ ያነገቱ ሁለት ሚሊሻዎች፣ ከነሱም ጋር የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አያ ይማም። አያ ይማም ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ እንደኛው አራሽ የሆኑ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ካድሬው «የጎደለ ኮታ አለብህ» አለው አባቴን። አባቴም «ያለኝን አስረክቤያለሁ» አለ። ጎታውን ከፍተው አዩ፤ ከሥሩ ትንሽ ማሽላ አለ። የቤቱን ወለል በብረት ዘንግ ወጉት፣ አመዱን ሳይቀር በተኑት። እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ካድሬው በረቱ በር ላይ ደረሰ። እበቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ወደ ውስጥ አየ፣ ጫማውን አየ፣ ደግሞ ወደ ውስጥ አየ። የሚያምር ጥቁር ጫማ ነበር፤ አላህ ያንን ጫማ የሰጠውን ሰው ይባርከው!

«ምንም የለም፤ እንሂድ» አለ።

እዚህ ላይ ነበር ማብቃት የነበረበት። እናቴ ዘሀራ ግን ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ወላሂ እህል ሳትቀምሱ ከዚህ ቤት አትወጡም!» አለች።

ምን ታድርግ? ከቤቷ የገባ ሰው ባዶ አፉን ወጥቶ አያውቅም። ጠላትም ይሁን፣ አሳሪም ይሁን፣ ጣራዋ ሥር ከገባ እንግዳ ነው። ካድሬውም ርቦት ነበርና ዓይኑ እያየ አላለፈም፤ ቁጭ አለ። እኔ አባቴን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴም ነገሩ የገባት መሶቡን ተሸክማ መሀል ቤት ከደረሰች በኋላ ነው። ቤታችን ያለው እንጀራ ያው የጉድጓዱ ብቻ ነበር። ልትመለስ አትችልም፤ መሶቡን አስቀመጠች፣ እርጎውን አፈሰሰችበት።

ካድሬው አንድ ጊዜ ጎርሶ አፍንጫውን ነፋ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

አያ ይማም የጎረሱትን ቀስ አድርገው አላመጡ፣ ዋጡ፣ ከዚያ እንጀራውን ሳይሆን አባቴን አዩት። ያ አስተያየት እድሜ ልክ የረዘመብኝ አስተያየት ነው። ያ ረቢ፣ አሁን ተናገሩ፣ አሁን አባቴን ወሰዱት አልኩ በልቤ።

«ሊጡ ሰንብቶ ነው» አሉ አያ ይማም፤ ደግመውም ጎረሱ።

ሲወጡ ለእናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እጅሽ ይባረክ ዘሀራ። እንግዳ ሲመጣ ግን እርጎውን አብዢው» ብለዋት ሄዱ።

ተረፍን ትላላችሁ አይደል? እውነተኛው ፍርሃት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አውቀዋል። አውቀው ለምን ዝም አሉ? አባቴ ጥርጣሬው ብዙ ነበር፤ «ለብቻቸው ሊመጡብን ነው»፣ «ኮታው ሲጎድልባቸው እኔን ሊያስረክቡ ነው» ይላል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነሣል። እናቴ ጉድጓዱን መክፈት ተወች፤ ሽታው ከቤት እንዳይወጣ። ማሽላው እግራችን ሥር ሆኖ እኛ በወተትና በቅጠል ሰነበትን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እናቴ ሰው ቤታችን እንዳይመጣ መጸለይ መጀመሯ ነው። መንገደኛ ሲያልፍ ካየች ጓዳ ትገባለች። እንዲያ ያለች ሴት!

በመጨረሻ አባቴ አልቻለም። «ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ» አለ። አንድ ቅል ቅቤ አሸከመኝና አብረን ሄድን። ወንዙ ደርቆ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። አባቴ መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ከኋላው ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ይጀምራል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይጀምራል።

አያ ይማም ደጃፋቸው ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠዋል። አባቴ ሰላምታውንም በቅጡ ሳይጨርስ፣ «አያ ይማም፣ ስለ አላህ ይበሉ፣ ልጆቼን አይበትኑብኝ» ብሎ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ተው አንተ ሰይድ። ግባና ቁጭ በል እስቲ። በባዶ ሆድ ምን ነገር አለ?» አስገብተውን ወደ ጓዳ ዞረው፣ «ሀዋ፣ እህል አቅርቢ» አሉ።

ሚስታቸው ሀዋ ብቅ አለች፤ እኛን አየች፣ ባሏን አየች፣ እንደ ተተከለች ቀረች። «ምን አለና?» አለች።

«ያለውን።»

«አንቱ…»

«አቅርቢ አልኩሽ።»

መሶቡ ሲከፈት ከአባቴ በፊት እኔ አሸተትኩት። አባቴ ቆርሶ ወደ አፉ ካደረሰ በኋላ እጁ አየር ላይ ቆመ። ያው ነው። የታፈነው፣ ኮምጠጥ ያለው፣ የኛው ቤት ሽታ። ከሰው ጎተራ እህል የሚያስጠርገው ሰውዬ ጉድጓድ አለው!

አያ ይማም ዓይናቸውን ከመሶቡ ሳያነሡ፣ «ብላ እንጂ። ሊጡ ሰንብቶ ነው» አሉ።

አባቴ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ እስኪያስለው ሳቀ። አያ ይማም ግን አልሳቁም። «መንደሩን ሁሉ በፍተሻ ዞሬዋለሁ ሰይድ» አሉት። «ያልሸተተኝ ቤት የለም። እናንተ ቤት የበላሁ ቀን ስወጣ እጄን በአፈር አሸሁት፤ የናንተ ሽታ ይሁን የራሴ ቤት ሽታ እኔም አልለየሁትም። እኔ የምፈራው ካድሬውን ብቻ መሰለህ? ሁላችሁንም ነው የምፈራው።»

ስንመለስ አባቴ መጀመሪያ እየሳቀ፣ እያፏጨ ነበር የሚሄደው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ቆመ። «ፋጤ፣ ዛሬ ያየሽውን አላየሽም» አለኝ። «አሁን እሳቸውም የኛን አፍ ይፈራሉ። ምነው ባላበሉን!»

ያኔ አልገባኝም ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ገባኝ። ሚሊሻዎቹ አያ ይማም ቤት መጡ፤ ወለል አልወጉም፣ ጎታ አልከፈቱም፣ ቀጥ ብለው ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ሄደው ቆፈሩ። ሰው ነግሯቸዋል። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ እንዳልሆነ ግን በቁርኣን እምላለሁ። መኪናው መጣ፣ እህሉ ተጫነ፣ አያ ይማምም እህሉ ላይ ተቀምጠው ወደ ወልድያ ሄዱ። በሕልሜ ያየሁት መኪና የሌላ ሰው አባት ጭኖ አለፈ፤ እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አባቴ ስላልሆነ ደስ አለኝ።

አባቴ ሀዋን ሊያጽናናት ሲሄድ ከበሩ ወዲያ አላስገባችውም። «ያንን እንጀራ ከኛ ሌላ የቀመሰ እናንተ ብቻ ናችሁ» አለችው።

አያ ይማም መንግሥት ሊለወጥ ሲል ከስተው፣ ጥርሳቸው ረግፎ ተመለሱ። አባቴ ሽማግሌ ሰብስቦ ፊታቸው ማለ። «አምኜሃለሁ ሰይድ» አሉት፤ ተቃቀፉም። ከዚያ በኋላ ደስታም ሐዘንም ሲኖር ቤታችን ይመጡ ነበር። እኔ ስዳር የመረቁኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲሞት ቃሬዛውን ተሸክመዋል። ነገር ግን እስኪሞቱ ድረስ ከኛ ቤት አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። «አሁን በላሁ» ይላሉ፤ «ዛሬ ጾመኛ ነኝ» ይላሉ። እናቴ ይሄ እንደ እግር እሳት እያቃጠላት ነው የሞተችው።

ይህን ሁሉ ለከድር ነገርኩት። ነገሬን እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ፣ «እማ፣ ያ እኮ አለፈ፤ ኮታ የለ፣ ካድሬ የለ» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል? አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው መጥቷል፤ በቅርቡ እኛው አገር በደረሰው ጦርነትም የስንቱ መሣሪያ የያዘ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «እህል አለ?» ነበር። የጠየቀን ሁሉ ወስዶብናልና ለጠየቀን ሁሉ የለም እንላለን። ከላይ ያለው ሹም የኛን ውሸት ይዞ ያቅዳል፣ ያ እቅድ ተመልሶ እኛኑ ያስርበናል።

እንዲህ እየተነጋገርን ልጅቱ ከጎረቤት ግቢ ስትወጣ አየኋት። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው፤ ከንፈሯ ደርቋል። ያን ጊዜ ነው ክው ያልኩት። ቤቴ ገብታ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ውኃ እንኳ ሳልሰጣት ነው የወጣችው። አጥሩ ጋ ሮጥኩ።

«ልጄ! ኧረ እህል ሳትቀምሺ!»

ዞር ብላ በእጇ አመሰገነችኝ። «ሌላ ጊዜ እማማ! ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል።»

እንጀራዬ አይሸትም፤ ጉድጓድ ከተውን ስንት ዘመናችን ነው። ልጅቱም ከስልክ ሌላ የያዘችው የለም። አሳሪዎቿን ያበላች የዘሀራ ልጅ ነኝ። ያም ሆኖ እንግዳዬ አልገባም ብላ መንገዷን ስትቀጥል፣ አጥሩን እንደያዝኩ እፎይ አልኩ።