የጋሽ ቡሎን አንድ ድምፅ

ጋሽ ቡሎንን በዚህ ስም የጠራው ሰፈሩ ነው፤ አንዴ ከጠበቀ በዋዛ አይላላም ለማለት። ሰላሳ ዓመት ቧንቧ ሠርቷል። የሰፈሩን ቤት ሁሉ በጓዳው በኩል ያውቀዋል፤ የማን ሽንት ቤት እንደሚያፈስ፣ የማን ገንዳ እንደተሰነጠቀ፣ ማን ከጎረቤቱ መስመር ጠልፎ እንደሚጠቀም ያውቃል፣ ግን አይናገርም። ጥሩ ሰው ነው ይሉታል፤ እኔም እላለሁ። አንድ ነውር ግን አለበት፣ እሱን ዘልዬ ባወራ ታሪኩ ውሸት ይሆናል።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ክፍለ ሀገሩን ሃያ አራት ዓመት የገዛው ፓርቲ በየምርጫው ለሰፈሩ ይዞት የሚመጣው አንድ ተስፋ ነበር፤ ውሃ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በዚያ ዓመት እንኳ ቱቦው ተቀበረ፤ ቱቦው ውስጥ ግን ከንፋስ በቀር የሚሄድ ነገር አልነበረም። ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቧንቧው ይመረቅ ተባለ። ውሃ የሌለው ቧንቧ እንዴት ይመረቃል ብሎ የጠየቀ የለም። ከአጥሩ ጀርባ ቆጥ ላይ ሁለት በርሜል ይሰቀል፣ ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው መስመር ይሳብ፣ አለቀ አሉ።

ሥራውን መጀመሪያ የሰጡት ለግትሩ ነበር። ግትሩ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሌላው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱም ሥራውን የተማሩት ከአንድ ሽማግሌ እጅ ነው፣ በሰፈሩም ከነሱ ሌላ የሙያው ሰው የለም። ግትሩ «እናቶችን በበርሜል አላታልልም» ብሎ እምቢ አለ። ጋሽ ቡሎን እሺ አለ። ሴት ልጁ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፈት ተቀምጣ ነበር፤ ከምርቃቱ በኋላ በክፍለ ሀገሩ ቢሮ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። በምርቃቱ ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ውሃው አርባ ደቂቃ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ የለም። ግትሩም ከዚያ ወዲህ አላናገረውም። በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዘጠኝ ዓመት ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ።

ጋሽ ቡሎን ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው በደጁ ሲያልፉ ሰላም የሚላቸው አንገቱን ደፍቶ ነው። ዘንድሮ ግን በቃው። ምልክቱን የቧንቧ መፍቻ አድርጎ በግሉ ለምክር ቤት ተወዳደረ። ሚስቱ መጀመሪያ «ተው፣ ልጅቷ የምትኖረው በነሱ እጅ ነው» አለችው። አልሰማ ሲላት፣ «ከወሰንክማ ካንተ ሌላ ማንን ልመርጥ ነው» አለችው።

ሰፈሩማ ምን ይባላል! ልብስ አጣቢዋ፣ ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁሉም ግራ ቀኝ አይተው ጆሮው ሥር ይመጣሉ። «ሰልችቶናል፣ ጋሼ። ዘንድሮ ላንተ ነው።» የመንገዱ የገዢው ፓርቲ ተጠሪ ሳይቀር ማታ ሲመለስ ትከሻውን ቸብ አድርጎ «በልቤ ያንተ ነኝ» ብሎት አልፏል። ጋሽ ቡሎን ሁሉንም አመነ። ቧንቧ እንጂ ሰው መፈተሽ አልተማረም።

የምርጫው ዕለት በጠዋት የሆስፒታሉ ዋና መስመር ፈነዳና ተጠራ። ሸር ነው ያሉ ነበሩ፤ አይደለም፣ የወሊድ ክፍሉ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቶ በዓይኑ አይቷል። መስመሩን ዘግቶ ቀይሮ ሲመለስ የምርጫ ጣቢያው ተዘግቶ፣ ሳጥኑ ታሽጎ ነበር። ለራሱ እንኳ ድምፅ አልሰጠም። «ግድ የለም፣ የኔ አንዲት ድምፅ ምን ታጎድላለች» አለ።

በማግስቱ ውጤቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። መራጭ አራት መቶ አሥራ ስምንት። ለገዢው ፓርቲ ሦስት መቶ ዘጠና ሰባት፣ ለሌሎች ሁለት ትንንሽ ፓርቲዎች ሃያ፣ ለቧንቧ መፍቻው አንድ። በሌሎቹ ጣቢያዎች መሸነፉ አልገረመውም፣ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። ይህ ግን የገዛ ሰፈሩ ነው። ጋሽ ቡሎን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው።

ገና ቤቱ ሳይደርስ ልብስ አጣቢዋ መንገድ ላይ አገኘችው። «ጋሼ፣ ያቺ አንድ የኔ ናት። ሌላው ጉድ ሠራህ።» ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ጠራው፤ «ያቺ አንድ የኔ ናት።» ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ። የፓርቲው ተጠሪ እንኳ ሳያፍር መጣ። ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ተራ በተራ መጡ፤ እስኪመሽ ድረስ የአንዲቷ ድምፅ ባለቤት ሰላሳ አንድ ደረሰ። ጋሽ ቡሎን ሁሉንም «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ሸኘ፤ ምን ይበል?

እራት ሲቀርብ ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። «በሰው አትዘን» አለችው። «ያቺ አንድ የኔ ናት። ከኔ ሌላ ማን አለህ?» የጋሽ ቡሎን አንጀት ራሰ። አራት መቶ ሰው ቢከዳኝ ሚስቴ አለችኝ ብሎ ሦስት ቀን በዚህ ተጽናና። ቀና ብሎ መሄድ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

በአራተኛው ቀን በቆጠራው ላይ የወከለው ሰው መጣ። ሌላ ሰፈር የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ እስከዚያ ቀን የቀረው አፍሮ ነበር።

«ያቺንም አንድ ሊጥሏት ነበር እኮ» አለ አስተማሪው። «የኤክስ ምልክት አድርጉ ተብሎ መራጩ ሌላ ነገር ሥሎበታል። ወረቀቱ ላይ ከመፍቻው ጎን ባለችው ሳጥን ውስጥ ነው ያረፈው፣ የመራጩም ፍላጎት ግልጽ ነው ብዬ ተከራክሬ አስቆጠርኳት።»

«ምንድን ነው የሣለው?»

አስተማሪው እስክሪብቶ አውጥቶ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሠራው፤ ሁለት አጫጭር መስመሮች ጎን ለጎን፣ በላያቸው አንድ አግድም።

ጋሽ ቡሎን አወቀው። ያ ምልክት ሽማግሌው ያስተማራቸው ነው፤ ቧንቧ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ የሚደረግ። የራሱም እጅ ሳያስበው የሚሠራው እሱኑ ነው። ሌላ ሰው አያውቀውም። ሚስቱም አታውቀውም።

አስተማሪውን ሸኝቶ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ተሻገረ። ግትሩ ሱቁ በር ላይ ቧንቧ በማሰሪያ አስሮ ጫፉ ላይ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ያወጣል።

«አንተ ነህ» አለው ጋሽ ቡሎን።

ግትሩ ቀና አላለም። «እጄ ለምዶ ነው። ኤክስ ማለታቸው ትዝ ያለኝ ወረቀቱን ከከተትኩ በኋላ ነው።»

«ለምን መረጥከኝ?»

«ማንን ልምረጥ ታዲያ? በርሜሉን የሰቀለ ሰው ቢያንስ ውሃ እንደሌለ ያውቃል።» ዘይት ጠብ አደረገና ብረቱን እንደገና አዞረ። «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ድምፅ ሰጠሁህ እንጂ ይቅር አላልኩህም። አሁን ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።»

ጋሽ ቡሎን ዞር አለለት። ሰውየው የተናገረው እውነት ነው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሰሐን ታጥባለች። «ልጅህ ደውላ ነበር» አለችው። «ሥራዋ ላይ ምንም አልነኳትም፣ ተመስገን። ስፈራ ነበር የከረምኩት።» ፊቱን አየት አድርጋ፣ «አሁንም በዚያው ነገር ነህ? ተወው በቃ። ያቺን የኔን አንዷን አትርሳ» አለች።

ሊናገር አፉን ከፈተ። እሱም በርሜሉን የሰቀለው ለዚህችው ልጅ ሥራ ብሎ ነበር፤ በምን አፉ በሚስቱ ይፈርዳል?

«አልረሳትም» አላትና እጁን ሊታጠብ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳ።